የማሾ መጋዘኑ ፊልም ወዳጅ

ሸዋ ሮቢት ዋናው መንገድ ላይ ቆሞ «ያ ፊልም የሚያየው የሐጂ ሷሊሕ ልጅ የት ነው?» ብሎ ለጠየቀ እንግዳ፣ ባጃጅ ነጂው ከወንበሩ ሳይነሳ በአገጩ የማሾ መጋዘኑን ያመለክተዋል። እዚህ ከተማ ፊልም የሚያየው ሙጂብ ብቻ ሆኖ አይደለም። የቱርክ ተከታታይ ሲያመልጣት ምሳ የማይወርድላት አለች፤ የሕንድ ድብድብ ካላየ እንቅልፍ የማይወስደው አለ። የሙጂብ ግን ለብቻው ነው። እሱ የሚወደው ምንም የማይሆንበትን ፊልም ነው።

ይህን የምለው ንቄው አይደለም፤ ደክሞኝ ነው። ለማ እባላለሁ። ቴሌቪዥንና ሬዲዮ እጠግናለሁ፣ ዲሽ እተክላለሁ፣ ሱቄ ከሐጂ ሷሊሕ መጋዘን ፊት ለፊት ነው። የደብረ ሲና ሰው ነኝ፤ ብርዱ አማሮኝ ወደዚህ ሙቀት ወርጄ አሁን ደግሞ ሙቀቱን እያማረርኩ እኖራለሁ። ሙጂብ አዲስ ፊልም ባገኘ ቁጥር መጀመሪያ የሚይዘው እኔን ስለሆነ፣ ሳልወድ በግዴ የእስያ ሲኒማ አዋቂ ሆኛለሁ።

አንድ ቀን የካዛኪስታን ፊልም አሳየኝ። ሰውየው ፈረሱን ሊሸጥ ገበያ ይሄዳል። ይሄዳል፣ ይሄዳል፣ ሜዳው አያልቅም። ገበያው ደረሰና ቆመ። ገዢ መጣ፣ ፈረሱን ዳበሰ፣ ሄደ። ሰውየው ፈረሱን ይዞ ተመለሰ። አለቀ።

«እና?» አልኩት።

«ጋሼ ለማ፣ ፊቱን አላዩትም?»

«ፊቱንማ አየሁ። ሌላ ምን አሳየኝ?»

«ፈረሱ እንዳይሸጥለት እየለመነ እኮ ነው የተጓዘው» አለኝና ዓይኑ እንባ አቀረረ። ሠላሳ ያለፈው ሰው፣ የሐጂ ሷሊሕ ልጅ፣ ጆንያ ተሸክሞ የሚያወርድ ትከሻ ያለው ጎልማሳ፣ ለማያውቀው ሰው ፈረስ ያለቅሳል። ተናድጄ ወደ ሱቄ ተመለስኩ። ማታ ግን ያ ሰውዬ ከነፈረሱ ፊቴ ላይ ድቅን አለ። ይህን እስከ ዛሬ አልነገርኩትም፤ ቢሰማ ሌላ ፊልም ይጭንብኛል።

ነገሩ የጀመረው ደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ አካውንቲንግ ሲማር ነው። አብሮት የሚያድር ልጅ በፍላሽ የሰጠው የጃፓን ፊልም ነበር። ሴትዮዋ አንሶላ ታሰጣለች፤ ነፋስ አንሶላውን ይነፋዋል፤ እሷ ቆማ ታየዋለች። «ያን ጊዜ ሰውን እንዲህም ማየት እንደሚቻል አወቅሁ» ይላል ሙጂብ። እኔ ሚስቴ አንሶላ ስታሰጣ ኖራለች፣ ምንም ያወቅሁት ነገር የለም። ያም ሆነ ይህ፣ ትምህርቱን ጨርሶ ወደ አባቱ መጋዘን ሲመለስ ይዞት የመጣው ዲግሪውንና ያንን አመል ነው።

ከፊልሙም ይበልጥ ልቡን የሰለበው የፊልም ፌስቲቫል ነው። የትኛው አገር፣ በየትኛው ወር፣ የትኛውን ፊልም ሊያሳይ እንደሆነ ያውቃል። ኮሪያ ውስጥ ቡሳን የምትባል የወደብ ከተማ ፌስቲቫሏን ስትከፍት፣ ሙጂብ እዚህ ጢሙን ተላጭቶ የተተኮሰ ሸሚዝ ይለብሳል። ለብሶም የትም አይሄድም፤ የማሾ ጆንያ ላይ ይቀመጣል። «ዛሬ ይከፈታል» ይለኛል፣ የዘመድ ሰርግ እንደቀረበት ሰው ፊቱ ጭፍግግ ብሎ። «ሺህ ሰው ጨለማ ውስጥ አብሮ ተቀምጦ አንድ ፊት ያያል። እኔ በሕይወቴ ከሰው ጋር ጨለማ ውስጥ ተቀምጬ ፊልም አይቼ አላውቅም።»

በእርግጥ ሰው አላጣም ነበር። በመከር ወራት መጋዘኑ በሴቶች ይሞላል። አረንጓዴው የማሾ ጥራጥሬ ከገበሬው ሲመጣ ጠጠርና ስባሪ ስላለበት፣ ሴቶቹ መሬት ላይ ክብ ሠርተው በሰፌድ እያበጠሩ ይለቅሙታል። ዓይናቸው ከሰፌዱ አይነሳም፤ ጆሯቸው ግን ሥራ ፈት ነው። ሙጂብ የሚመዘን እስኪመጣ ስልኩን ጆንያ ላይ አስደግፎ ሲያይ፣ ፊልሙ ደግሞ ድምፅ የለሽ ሲሆንባቸው፣ ሴቶቹ «ምን እየሆነ ነው?» ማለት ጀመሩ። እሱም ይነግራቸው ጀመር።

«አሁን ሴትዮዋ ሩዝ እያጠበች ነው።»

ትንሽ ይቆይና በላይነሽ፣ ከለቃሚዎቹ በዕድሜም በምላስም የምትበልጠው፣ ትጠይቃለች። «አሁንስ?»

«አሁንም እያጠበች ነው።»

«ባሏ ጥሏት ሄዷል ማለት ነው።»

«አይ፣ ባሏማ ጎን ካለው ክፍል ተኝቷል።»

«እንግዲያማ የባሰ ነው» ትላለች በላይነሽ፤ ሴቶቹም ሰፌዳቸውን አቁመው በሳቅ ይንፈራፈራሉ።

ሙጂብ ይህን ሁሉ እየሰማ፣ ፊልሙ ሲያልቅ ያየውንና ሴቶቹ ያሉትን አንድ ላይ አድርጎ ቴሌግራም ላይ ይጽፋል። ቻናሉን «መጋዘን» ብሎታል። አንባቢዎቹ ጥቂት ነበሩ፤ ከጥቂቶቹ ግን አንዷ ኤልሳቤጥ ሆና ተገኘች። ኤልሳቤጥ አዲስ አበባ ውስጥ ጥቂት ሰዎች ሆነው በየዓመቱ የሚያዘጋጁት አንድ የፊልም ፌስቲቫል መሪ ናት። ትልልቅ ኩባንያ ያልያዛቸውን፣ ሰዎች በራሳቸው አቅም የሠሯቸውን ፊልሞች ነው የሚያሳዩት፤ እነ ሙጂብ ኢንዲፔንደንት የሚሏቸውን። ጽሑፎቹን አንብባ «መጥተህ እይ፣ እንግዳችን ነህ» አለችው።

ያን ጊዜ አባቱ አላስቸገሩም። ጥቂት ቀን ሄዶ መመለስ ነው፤ እጃቸውን ዘርግተው «አላህ በሰላም ያድርስህ፣ በሰላም ይመልስህ» ብለው ዱዓ አደረጉለት። ደብረ ሲና ሲደርስ መንገዱ ተዘጋ። በዚያ ሰሞን መንገድ መዘጋቱ አዲስ ነገር አልነበረም፤ ኢንተርኔትም ከጠፋ ሰንብቶ ነበር። እዚያው እህቴ ቤት ጋቢ ተከናንቦ፣ ሽቅብ ወደ ታርማበር ዋሻ እያየ፣ ዛሬ ይከፈታል ነገ ይከፈታል ሲል ፌስቲቫሉ ተከፍቶ ተዘጋ። ጉንፋን ይዞ ተመለሰ።

ከዚያ በኋላ ያለው ጊዜ ከበደ። ስልኩ ፊልም አያወርድም፣ ቻናሉ አይከፈትም። ሰው ሁሉ የሚላክ ብርና የሩቅ ዘመድ ድምፅ ሲናፍቅ ሙጂብ የፌስቲቫል ወሬ ይናፍቃል፤ ይህን ለሰው መናገርም ያሳፍራል። መንገድ በተከፈተ ቀን ባጃጅ ይዞ ጀውሃ ይወርድና፣ የጭነት መኪናዎቹ ለምሳ በሚቆሙበት ምግብ ቤት ሾፌሮችን ይጠብቃል። አንድ ደግ ሾፌር ከኤልሳቤጥ ፍላሽ ያመጣለታል፤ እሱም የጻፈውን በዚያው ፍላሽ ይመልሳል። ሾፌሩ ሌላ ነገር መስሎት አንድ ቀን «ወንድሜ፣ ይሄ ነገር አያሳስርም አይደል?» ብሎ ጠየቀው። ሙጂብ የታይዋን ፊልም ነው ብሎ ማሳመን አቅቶት፣ ምግብ ቤቱ ውስጥ ከፍቶ አሳየው። ሾፌሩ ከሩቡ በላይ አልቻለም። «ሕጋዊ መሆኑ ገብቶኛል፣ በቃ» አለው።

እንዲህ እንዲህ ሲል መንገዱ ረጋ፤ ኢንተርኔቱም መጣ። ባለፈው ኅዳር ደግሞ ሙጂብ ሱቄ መጥቶ ቆመ። የፈታሁት ቴሌቪዥን ጠረጴዛው ላይ ተበትኗል፣ እሱ ከደጃፉ አላልፍ ብሏል።

«ምን ሆንክ? ሰው ሞተ?»

«ኤልሳቤጥ ደወለች። ከጥር ጀምሮ እዚያ ሥራ ሰጡኝ። ከየአገሩ የሚላከውን ፊልም አይቶ የሚመርጥ ሰው ይፈልጋሉ። ቋሚ ነው፣ ጋሼ ለማ። ፊልም እያየሁ ልኖር ነው።»

ዘልዬ አቀፍኩት። አንድ ሰው በሕይወቱ ለእሱ የተሰፋ ልብስ አንድ ጊዜ ይመጣለታል፣ ወይም አይመጣለትም። ለሙጂብ መጣለት። «እና ምን ትጠብቃለህ? ሻንጣህን አዘጋጅ እንጂ!» ስለው፣ ደስታው ከፊቱ ላይ ውሃ እንደፈሰሰበት እሳት ጭስ ብሎ ጠፋ።

«አባን ማስመረቅ አለብኝ» አለ።

እዚህ ላይ ለማያውቅ ሰው ነገሩ ቀላል ይመስለዋል። እኔም ደብረ ሲና ብሆን እንዲያ ይመስለኝ ነበር። በእነሱ ቤት ግን ሰው አገር ጥሎ ሲሄድ የወላጁን ዱዓ ይዞ ነው የሚሄደው፤ አባት እጁን ካላነሳ እግር አይነሳም። ለሐጂ ሷሊሕ ቤት ደግሞ ይህ ነገር ልማድ ብቻ አይደለም። የሙጂብ ታላቅ ጁነይድ፣ ጎረምሳ ሳለ አንድ ጠዋት ለማንም ሳይናገር፣ በጅቡቲ አድርጎ በባሕር ወደ ሳዑዲ ሊሻገር ከጓደኞቹ ጋር ወጣ። ጓደኞቹ ደወሉ። ጁነይድ አልደወለም። ይኸው እስከ ዛሬ ሞተም አልተባለ፣ አለም አልተባለ። እናቱ እትዬ ዘይቱና በር በተንኳኳ ቁጥር ቀና ይላሉ። ሐጂ ሷሊሕ ስለ ልጃቸው አንድ ነገር ብቻ ነው ሲናገሩ የሰማኋቸው፤ «ሳልመርቀው ሄደ» ይላሉ። ከዚያ በኋላ በዚያ ቤት ሳይመረቁ መሄድ ማለት ምን ማለት እንደሆነ ሙጂብ ከማንም በላይ ያውቃል።

የሐጂ ክፋታቸው፣ ክፉ አለመሆናቸው ነው። እምቢ ቢሉ ሙጂብ ይቆጣ ነበር፤ ቢሳደቡ ያኮርፍ ነበር። እሳቸው ግን ዝም ይላሉ። ሙጂብ ሥራውን የነገራቸው ከዙሁር፣ ከቀትሩ ሶላት መልስ መጋዘኑ ደጃፍ ላይ ተቀምጠው ነው። ስኳር የጎዳው እግራቸውን በርጩማ ላይ ሰቅለው፣ መቁጠሪያቸውን እያንከባለሉ አዳመጡት። ሲጨርስ «መልካም» አሉ። ቀጥለው የሰው ማሾ ተመዝኖ እንደሆነ ጠየቁት።

በሌላ ቀን ደገመላቸው። «ሰምቻለሁ» አሉ። እጃቸው ግን መቁጠሪያው ላይ ነው፣ አልተነሳም። በሦስተኛው ጊዜ እትዬ ዘይቱና ገቡበት። እትዬ ዘይቱና የልጃቸውን መሄድ ባይወዱም ሻንጣውን አጥበው አስጥተውለት ነበር። «አንቱ፣ ልጁ እየጠበቀ ነው እኮ። ወይ ይመርቁት ወይ ተው ይበሉት» አሏቸው። ሐጂ ሷሊሕ ሻንጣው የተሰጣበትን አጥር ሲያዩ ቆዩና፣ «ሐሙስ ወዳጃ አለ። ሐጃውን እዚያ ይናገር። ጀማው ይመርቀው» አሉ።

ሙጂብ ይህን ሲሰማ እየሮጠ ነው እኔ ዘንድ የመጣው። ተስፋ አገኘ። ወዳጃ ማለት ጎረቤትና ወዳጅ ተሰብስቦ ዱዓ የሚያደርግበት ቀን ነው። ጭንቅ ያለበት ሁሉ ሐጃውን፣ ማለት ጉዳዩን፣ በሰው ፊት ይናገራል፤ ሼሁ ይመርቃሉ፤ ጀማው፣ የተሰበሰበው ሁሉ፣ «አሚን» ይላል። ሙጂብ ሱቄ ውስጥ ቆሞ የሚናገረውን ተለማመደ። እኔ ሼሁን ሆንኩለት።

«ሐጃህን ተናገር» እለዋለሁ።

«አዲስ አበባ ፊልም ለሰው የሚያሳዩ ሰዎች ሥራ ሰጥተውኛል። ልሄድ ነው። መርቁኝ።»

«ጮክ በል፣ ሽማግሌዎቹ አይሰሙም።»

«ፊልም ለሰው የሚያሳዩ ሰዎች ሥራ ሰጥተውኛል!» ይላል፤ ባጃጅ ነጂዎቹ ዞረው ያዩናል። እንዲህ እየሳቅን ሐሙስ ደረሰ።

እኔም በጎረቤትነቴ ተጠርቼ በሩ አጠገብ ተቀመጥኩ። ምንጣፍ ላይ ወንዶቹ ግድግዳውን ተደግፈው ጫታቸውን ይዘዋል። እኔ ራሴ የጠገንኩት ቬንቲሌተር ጣራው ስር እየተንገጫገጨ ሞቃቱን አየር ያማስላል። ዱዓውን የሚመሩት ሼህ ሐሚድ ናቸው፤ ነጭ ጢማቸውን እያሻሹ ለእያንዳንዱ ሰው ጆሯቸውን ዘንበል የሚያደርጉ፣ ሰው የሚወዱ ሽማግሌ። አንዱ ሚስቱ ምጥ እንደቀረባት ተናገረ፤ መረቁት። አንዱ ከጎረቤቱ ጋር በመስኖ ውሃ ተራ ተጣልቶ ነበር፤ መረቁትና እዚያው አስታረቁት። በየምርቃቱ «አሚን» ሲባል ድምፁ ከምንጣፉ ተነስቶ ደረት ውስጥ ይገባል። ክርስቲያን ነኝ፣ ግን እኔም አሚን እላለሁ። እንዴት አይባልም?

የሙጂብ ተራ ደረሰ። ተንበረከከ። ከፊት ለፊቱ ሼህ ሐሚድ፣ ከሳቸው ጎን እግራቸውን የዘረጉት አባቱ። እኔ ከበሩ ሆኜ በልቤ «ጮክ በል፣ ጮክ በል» እላለሁ።

«ሐጃህን ተናገር፣ ልጄ» አሉት ሼሁ።

ሙጂብ አፉን ከፈተ። አባቱን አየ። ሐጂ ሷሊሕ አልተቆጡም፣ አልገላመጡትም። ያዩት አንድ ልጅ ጠፍቶበት የቀረለትን ልጅ እንደሚያይ ሰው ነው። ቤቱ ደግሞ ሙጂብን በልጅነቱ አዝለው ባሳደጉ ሽማግሌዎች ተሞልቷል። እዚያ መሃል «ፊልም» የሚለው ቃል ከአፉ አልወጣ አለ።

«ሐጃዬ በልቤ ነው» አለ።

ደሜ ፈላ። «በልቤ ነው» ማለት በወዳጃ ላይ ያለ ነገር ነው። ነገሩ የሚያሳፍረው ሰው፣ ልጅ ያጣ ወይም ትዳሩ የታወከበት፣ ሳይናገር እንዲመረቅ የተተወችለት በር ናት። ሼሁም አይጠይቁም፤ ሰውየውን በሚያውቁት፣ ለእሱ ይበጃል ባሉት ይመርቁታል። ሙጂብ ያቺን በር ከፍቶ ገባ።

ሼህ ሐሚድ እጃቸውን ዘረጉ፤ ሁላችንም ዘረጋን።

«አላህ የልብህን ይሙላልህ።»

«አሚን!»

«የአባትህ ምርኩዝ ያድርግህ።»

«አሚን!»

«የሰው አገር ከርታታ አያድርግህ። እግርህን ከዚህ ደጅ አይንቀለው።»

«አሚን!»

«ይህን ቤት በአንተ ያቁመው። ጁነይድ የጎደለበትን በአንተ ይሙላው።»

እዚህ ላይ ሐጂ ሷሊሕ «አሚን» ሲሉ ድምፃቸው ተሰበረ። እንባቸው በጢማቸው ላይ ወረደ። ቤቱ ሁሉ አሚን አለ። ሙጂብን አየሁት። እጆቹ እንደሁላችን ተዘርግተዋል፣ ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል። አሚን አለ። በእያንዳንዱ ላይ አሚን አለ። ሲጨርሱም እንደ ደንቡ እጆቹን ፊቱ ላይ አሳረፈ፤ ከሰው ሁሉ ዘግይቶ ነው ያነሳቸው።

በማግስቱ ሱቄ ሲመጣ አላናገርኩትም፤ ጮህኩበት እንጂ።

«ምን ነካህ? አንድ ቃል! አንድ ቃል እኮ ነው!»

«አውቃለሁ።»

«ሼህ ሐሚድ ደግ ሰው ናቸው። ሂድና ነገሩ እንዲህ ነበር በላቸው፤ ሌላ ዱዓ ያደርጉልሃል።»

«ሄጄ ምን ልበላቸው፣ ጋሼ ለማ? የመረቁኝን መልሰው ይውሰዱልኝ ልበል?»

«ቢያንስ ዝም አትልም ነበር? ማን አሚን በል አለህ?»

ቀና ብሎ አየኝ። አልተቆጣም፤ ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር። «ሰው እጁን ዘርግቶ ሲመርቅዎ አሚን ሳይሉ ቀርተው ያውቃሉ?» አለኝ። «ማንም አላስገደደኝም። አባም አላስገደዱኝም። በአፌ ነው ያልኩት። አሁን ብሄድ፣ ጁነይድ ሳይመረቅ ነው የሄደው፣ እኔ ግን የተመረቅሁትን ረግጬ ልሄድ ነው። መንገድ ላይ አንድ ነገር ብሆን እናቴ ምን ትላለች?»

እጅግ አዘንኩ። መንገድ ሲዘጋ ቢያንስ ሰው መንገዱን ይረግማል። ኢንተርኔት ሲጠፋም የሚረገም አይጠፋም። አሁን ማንን ይርገም? የሚወዱት ሰዎች እጃቸውን ዘርግተው፣ እያለቀሱ፣ መልካም መልካሙን ተመኝተው ነው በሩን የዘጉበት።

ኤልሳቤጥ ስትደውል እኔ ዘንድ ነበር። ወደ ውጭ ወጥቶ ከባጃጆቹ መሃል ቆሞ አነጋገራት። ብዙ አስረዳት፤ እጁን ያወራጫል፣ ደረቱን ይነካል። አዲስ አበባ ያለ ሰው ምኑን ሰምቶ ምኑን እንደሚረዳ እንጃ። ተመልሶ ሲገባ «ሌላ ሰው እንዲፈልጉ ነገርኳት» አለኝና የፈታሁትን ሬዲዮ ማየት ጀመረ። ሬዲዮ አይቶ የማያውቅ ይመስል ብሎኑን አንድ በአንድ ሲያገላብጥ ዋለ። መጋዘኑ ውስጥ ሴቶቹ ማሾ ይለቅማሉ፤ በላይነሽ «ዛሬ ፊልም የለም?» ብላ ብትልክበት «ራሴን አሞኛል» አለ።

ታኅሣሥ ሲጋመስ ሐጂ ሷሊሕ አስጠሩኝ። መጋዘኑ ውስጥ ከእኔ ቁመት የሚረዝም ካርቶን ግድግዳ ተደግፎ ቆሟል። ቴሌቪዥን ነው። እንዲህ ያለ ትልቅ ቴሌቪዥን እዚህ ከተማ ተክዬ አላውቅም። ግድግዳውን አስለስነው ነጭ ቀለም አስቀብተዋል፤ ከፊት ለፊቱ የነበረው የጆንያ ክምር ተነስቶ ሁለት ወንበር ተቀምጧል።

«እንግዲህ በዚያች ትንሽ ስልክ ዓይኑን አያጥፋ» አሉኝ። ደስ ብሏቸዋል። ከጁነይድ ወዲህ እንደዚያ ደስ ብሏቸው አይቼ አላውቅም። «ድምፁንም በደንብ አድርግለት፣ ለማ። የሚፈልገውን አንተ ታውቃለህ።»

ግድግዳውን መብሳት ጀመርኩ። የመብሻው ጩኸት ይሻላል፣ አያናግርም። ግን አላስቻለኝም። አቆምኩትና «ሐጂ» አልኳቸው፣ «ሐሙስ ለት በልቤ ነው ሲል፣ በልቡ ያለው ምን እንደሆነ ያውቁ ነበር?»

መቁጠሪያቸውን ማንከባለል አላቋረጡም።

«አባቱ አይደለሁ? አውቃለሁ» አሉ። «እናገርለት ብዬ አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ተመለሰብኝ። የኔም ሐጃ በልቤ ነበር፣ ለማ።»

ልቆጣቸው ፈለግሁ፤ ቁጣው አልመጣልኝም። ብረቱን ሰቀልኩ፣ ቴሌቪዥኑን ከሁለት ጫኞች ጋር አንስተን አንጠለጠልነው።

ሙጂብ ከሚዛኑ ተጠርቶ መጣ። ልብሱ ላይ የማሾ አቧራ አለ። በሩ ላይ ቆሞ ግድግዳውን አየ፤ ወንበሮቹን አየ፤ አባቱን አየ። ሐጂ ሷሊሕ በምርኩዛቸው ተደግፈው ተነሱና ትከሻውን ያዙት።

«እየው። አዲስ አበባ ካለው ያንሳል? እኔም ካንተ ጋር ቁጭ ብዬ አያለሁ። የማይገባኝን ትነግረኛለህ። እስቲ ተናገር፣ አሁን የቀረብህ ነገር አለ?»

ሙጂብ ጎንበስ ብሎ የአባቱን እጅ ሳመ። ሲስም የቆየውን ያህል ሌላ ጊዜ አይቆይም ነበር።

«የለም፣ አባ» አለ።

ሐጂ ሷሊሕ ወደ እኔ ዞሩ። «ለማ፣ ብሎኑን ጠበቅ አድርገው። እንዳይወድቅ» አሉኝ።

አጠበቅሁት።